እኩያህ ማነው?

አንድ ሰው «ቴኒስ ይችላል» ሲባል ምን ማለት ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሯጭ ይሮጣል፤ ሰዓት ይያዝለታል፤ ነገሩ ያልቃል። ከፍታ ዘላይም ዘንጉን ወይ ይሻገረዋል፣ ወይ ይጥለዋል። የቴኒስ ተጫዋች ግን ብቻውን ቢቆም የሚለካበት ነገር የለም። ችሎታው የሚታየው ከመረቡ ማዶ ሌላ ሰው ሲቆም ነው፤ ያውም በማዶው ሰው ልክ ነው የሚታየው። ከደካማ ጋር የተጫወተ ሁሉ ጀግና ይመስላል፤ ከብርቱ ጋር የገጠመ ሁሉ እጁ የታሰረ ይመስላል። ስለዚህ ለመዝናናት ብሎ ራኬት የሚያነሣውን ተማሪ «አንተ ይህን ታህላለህ» ብሎ በግንባሩ ላይ ቁጥር መለጠፍ፣ ለጣፊዎቹ ከሚመስላቸው በላይ የከበደ ሥራ ነው።

ይህን ለማንሣት ያስገደደን ምክንያት አለን። በምንማርበት ግቢ ያለው የቴኒስ ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ መጫወት የሚፈልገው ተማሪ ግን ብዙ ነው። ባለፈው መንፈቅ ዓመት ጨዋታውን የሚያስተባብሩት ሰዎች ተማሪውን በ3 ደረጃ ከፈሉት፤ ጀማሪ፣ መካከለኛና የበሰለ አሉት። የበሰሉት ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ያለውን ቀዝቃዛ ሰዓት ወሰዱ። መካከለኞቹ ቅዳሜ ጧትን አገኙ። ጀማሪዎቹ ደግሞ ፀሐይ አናት በምትበሳበት በስድስት ሰዓት እንዲጫወቱ፣ ይህ ካልተመቻቸውም ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር እንዲለማመዱ ተፈቀደላቸው። ምደባው የተካሄደው ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 ኳስ በመወርወር ነበር። በ10 ኳስ የዓመቱ ፀሐይና ጥላ ተከፋፈለ ማለት ነው።

እኛ ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከወግዲና ከከለላ የመጣን ተማሪዎች በምደባው ጊዜ አብረን ቆመን ስናይ ነበር። አብዛኛዎቻችን ራኬት የጨበጥነው እዚህ ከመጣን በኋላ ስለሆነ ጀማሪ መባላችን አላስከፋንም። ያስከፋን የሌላው ነገር ነው። የሳይንት ተወላጅ የሆነ አንድ ጓደኛችን አለ። ይህ ጓደኛችን ራኬቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መሬት የሚኮተኩት መስሎ ነው የሚመታው። ለዐይን አያምርም። ነገር ግን ኳስ አያመልጠውም፤ የትም ይወርወር የት፣ እግሩ ቀድሞ እዚያ ነው። ከተወረወሩለት 10 ኳሶች ከግማሽ የሚበልጡት ከመሥመር ውጭ ስላረፉ ጀማሪ ተብሎ ተጻፈ። ነጭ ቁምጣ ለብሶ፣ ክንዱን በሥርዐቱ እየዘረጋ መረቡን የመታው ሌላው ተማሪ ግን «አመታቱ ያምራል» ተብሎ መካከለኛ ሆነ። ሁለት እኅቶቻችን ደግሞ አንድም ኳስ ሳይወረወርላቸው በጀማሪዎቹ ዝርዝር ላይ ሰፈሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከበሰሉት አንዱ ተጋጣሚ አጥቶ ጓደኛችንን ጠራው። ተጫወቱ። ጓደኛችን 6 ለ 4 ተሸነፈ፤ ሆኖም ያን ቀን በሜዳው ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ጨዋታ አየ። ደረጃው ይታይለት ብለን ብንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ምደባው የሚታየው በሚመጣው መንፈቅ ዓመት ነው» የሚል ሆነ። ጓደኛችን ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው አልመጣም። ለምን እንደቀረ ስንጠይቀው «ፀሐዩን እችለዋለሁ፤ ስሙን ግን አልችለውም» አለን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቁጥር ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሰውን ለመርዳት ይወጣል፤ ውሎ ሲያድር ግን ሰውዬው ላይ ይቀመጣል።

የዓለምን ልማድ ስንመረምር ይህን ችግር ያዩት ብዙዎች ሆነው እናገኛለን። አሜሪካኖች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለመዝናናት የሚጫወተውን ሰው ከ1.0 እስከ 7.0 ድረስ በግማሽ በግማሽ የሚከፍል መመዘኛ አላቸው። እያንዳንዱ ደረጃ በቃል ተገልጿል፤ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ መገመት የሚማረው ሰው ከታች ነው፤ መካከለኛ ፍጥነት ያለውን ኳስ ሳይስት የሚመልሰው ከዚያ ከፍ ይላል፤ ኳሱን በሁለቱም ወገን ወደ ፈለገበት አቅጣጫና ጥልቀት የሚልከው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽንም በ2003 እ.ኤ.አ. ከ10 ጀምሮ ወደ 1 የሚወርድ ቁጥር አወጣ። የዚህ ቁጥር የሜዳ ላይ ፈተና የኳሱን ጥልቀት፣ ዒላማውን፣ ሰርቩን፣ መሬት ሳይነካ የሚመለሰውን ኳስ፣ በመጨረሻም የተጫዋቹን ቅልጥፍና በሰዓት ይመዝናል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፌዴሬሽኑ ከ40 እስከ 1 የሚቆጥር ሌላ መመዘኛ አምጥቷል። ይህ የኋለኛው አመታትህ ያምራል አያምርም ብሎ አይጠይቅም፤ ማንን ገጠምህ፣ ውጤቱስ ምን ሆነ ብሎ ብቻ ነው የሚያሰላው።

በሁለቱ አሠራር መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የፊተኛው ተጫዋቹን ለብቻው አቁሞ ይመለከተዋል፤ የኋለኛው ከሌላው ጋር አጋጥሞ ያየዋል። የኋለኛው ሐሳብ ሥሩ ከቼዝ ነው። በሀንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው አርፓድ ኤሎ ያቀደውን ስሌት ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። በዚህ ስሌት መሠረት ነጥብ ማለት የሰውዬው ክብደት አይደለም፤ በእርሱና በሌላው መካከል ያለ ርቀት ነው። በ200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ4 ጨዋታ 3ቱን ያህል ያሸንፋል ተብሎ ይገመታል። ከጠበቁት በላይ ካሸነፈ ነጥቡ ይጨምራል፤ ከጠበቁት በታች ከሆነ ይቀንሳል። ማንም ዐይቶ አይፈርድለትም፤ የሚፈርድለት ጨዋታው ራሱ ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ነገሩ እንግዳ አልሆነብንምና።

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ወደ ምዕራብ የዓባይ በረሃ እስኪገደል ድረስ በተዘረጋው ሜዳ ላይ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ የገና ጨዋታ ይጀመራል። አዝመራው ተሰብስቧል፤ ገለባው ተከምሯል፤ ሜዳው ባዶ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከጫካ ይቆረጣል፤ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ሩር ትዘጋጃለች። የሜዳው ስፋት አይለካም፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም፤ ዳኛም የለም። ታዲያ ሠላሳ አርባ ጎረምሳ ዱላ ይዞ ሲቆም ሁለቱ ወገን እኩል እንዲሆን የሚደረገው እንዴት ነው?

እኛ ባደግንበት አገር የሚደረገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሁለት መሪዎች ይቆማሉ። የቀረው ሁሉ እኩያዬ ነው የሚለውን ሰው ይፈልግና ጥንድ ጥንድ ይሆናል። ጥንዶቹ ራቅ ብለው ስም ይማከራሉ፤ አንዱ ፈረስ ቢሆን ሌላው በቅሎ፣ አንዱ ሰማይ ቢሆን ሌላው ምድር ይሆናል። ከዚያም ተቃቅፈው ይመጡና «ፈረስ ወይስ በቅሎ?» ብለው መሪውን ይጠይቁታል። መሪው «በቅሎ» ካለ በቅሎ የተባለው ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ፈረሱ ለማዶው ይሆናል። የሚቀጥለው ጥንድ ሲመጣ ደግሞ ምርጫው የሌላኛው መሪ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ «አንተ ጎበዝ ነህ፣ አንተ ደካማ ነህ» ያለ ሰው የለም። መሪው የመረጠው ስም እንጂ ሰው አይደለም። የመጨረሻው ተመራጭ ሆኖ ሜዳ መሐል ብቻውን የሚያፍር ልጅም የለም። ፍርዱ ግን ተሰጥቷል፤ የተሰጠውም ተጫዋቹ ጥንዱን በፈለገ ጊዜ ነው። ራሱን ከልኩ በላይ ሰቅሎ ብርቱውን ሰው «ና እንጣመር» ቢል፣ ብርቱው ይስቅበታል እንጂ አብሮት አይሄድም። ዝቅ ብሎ ከትንሽ ልጅ ጋር ቢጣመር ደግሞ የቆመው ሁሉ «ይህማ እኩያህ አይደለም!» ብሎ ይመልሰዋል። የአሜሪካኖቹ መመዘኛ ካሉበት ችግሮች አንዱ ዋንጫ ለመብላት ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያስመዘግብ ሰው ነው፤ በገና ሜዳ ላይ ግን ይህ ተንኮል ምስክሩ ስለሚበዛ ከጥንዱ ዐልፎ አይሄድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርዱ የአንድ ቀን ነው። ዓምና የማን ጥንድ እንደነበርህ የሚጽፍ መዝገብ የለም፤ ክረምቱን ጉልበት ያወጣህ እንደሆነ ዘንድሮ ሌላ ጥንድ ትፈልጋለህ።

ይህን ስንል የአገራችንን ልማድ ያለ ነውር ማቅረባችን አይደለም። የስሙ ነገር ይበላሻል፤ ወንድማማቾች ከመሪው ጋር አስቀድመው ተነጋግረው «ወርቅ» ያለው ሁልጊዜ ጎበዙ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከዚህም የሚከፋው ሴት ልጅ በሜዳው ዳር ተመልካች እንጂ የማንም ጥንድ ሆና አለመቆጠሯ ነው። እኩያ የመፈለግ ልማድ የሚያምረው ወደ ክቡ ለገባው ሰው ነው፤ ከክቡ ውጭ ላለው ሰው ምንም አያደርግለትም። ሁለቱ እኅቶቻችን ኳስ ሳይወረወርላቸው የተመዘኑበትን ግቢ ስንነቅፍ ይህንንም አብረን መናገር አለብን።

አሁን ወደ 10ሩ ኳሶች እንመለስ። የጓደኛችን ኳሶች ከመሥመር ውጭ ያረፉት ለምንድን ነው? እጁ ስላልሠለጠነ ነው ማለት ይቻላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን አየሩም አለበት። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ኳሱን አይዘውም፣ ርቆ ይበራል። በኳሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚበልጥም ኳሱ መሬት ሲነካ ከፍ ብሎ ይነጥራል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የደነገገው ስለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መካነ ሰላም ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እኛ ደገኞች እንግዲህ ሕጉ «ተጠንቀቁ» ካለው ከፍታ በእጥፍ ያህል ላይ ቆመን፣ ለቆላ አገር የተሠራ አዲስ ኳስ ከቆርቆሮው አውጥተን፣ «ጥልቀቱን አልተቈጣጠረም» ብለን ሰው እንጥላለን። አመዛዘኑ የመጣበትን አገር አየር ይዞ አልመጣም። ኳሱን ዝቅ አድርጎ መሬት ለመሬት የሚልክ የገና ተጫዋች በዚህ ከፍታ ላይ ለዐይን ባያምርም፣ ሳያውቀው ለአየሩ የሚስማማውን አመታት ይዞ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ማሸነፍ ብቻውን ሚዛን እንዳልሆነ የቀድሞ ሰዎቻችን ያውቁ ነበር። በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥ አስታውሱ። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና መደቁ ተሰልፈው ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ማረክ እስኪሆን ድረስ ሁለቱም ወገን በፈቀደው ፍጥነት ያንቀሳቅስ ነበር። በ19ኛው ምእት ዓመት አገራችንን ያዩት ሄንሪ ሶልትና ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፈዋል። የሚያስደንቀው ግን አሸናፊው የሚመዘንበት መንገድ ነው። በፈረስ ወይም በደር ንጉሡን ያጠመደ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ እምብዛም አይመሰገንም። በፊል ያጠመደ ይመሰገናል፤ በደካማው በመደቅ የፈጸመው ደግሞ እጅግ ይመሰገናል። ሁለቱም አሸንፈዋል፤ ደረጃቸው ግን አንድ አይደለም።

የቅኔ ቤቱም እንዲሁ ነው። በሳይንት ተድባበ ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር ባለበት አገር ያደገ ሰው የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚመዘን ሳይሰማ አይቀርም። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እየወጣ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ደረጃ አለው ማለት ነው፤ ደረጃውም የታወቀ ነው። ነገር ግን ትናንት በተቀኘው ቅኔ ዛሬ አይቆጠርለትም፤ ዛሬ አዲስ መቀኘት አለበት። የኔታም ፍርዳቸውን የሚሰጡት በጓደኞቹ ፊት፣ ቅኔውን ሰምተው ነው፤ ተማሪውን ገና ከበር ሲገባ በልብሱ ዐይተው አይደለም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኛ የደረስንበት ይህ ነው። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰውና ለመዝናናት የሚጫወት ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ለውድድር ሰው ስትመርጥ «ማን ይበልጣል?» ብለህ መጠየቅህ ተገቢ ነው፤ መልሱንም በብዙ ግጥሚያ ታገኘዋለህ። ለመዝናናት ግን ደረጃ የሚያስፈልገው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሁለቱም ላብ አውጥተው፣ ሁለቱም ስቀው፣ ማን እንደሚያሸንፍ እስከ መጨረሻው ሳይታወቅ የሚያልፍ አንድ ሰዓት እንዲገኝ ነው። ለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ምን ያህል ትችላለህ?» የሚል አይደለም፤ «እኩያህ ማነው?» የሚል ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ብርቱዎቹ ግቢውን ወክለው ስለሚወዳደሩ ቀዝቃዛው ሰዓት ይገባቸዋል» ይሉናል። ለተወዳዳሪዎቹ በሳምንት ሁለት ማታ ቢለይላቸው እኛም አንቃወምም። የቀሩት ማታዎች ግን የማን ናቸው? በፀሐይ የሚለማመድ ጀማሪ ቶሎ ይሰለቻል፤ የተሰለቸ ጀማሪ መካከለኛ አይሆንም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ብርቱዎቹ ተመርቀው ሲሄዱ ሜዳው ወራሽ ያጣል። ጥላውን ለበሰሉት ብቻ ማድረግ ለበሰሉትም አይበጅም።

ስለዚህ ለሚመጣው መንፈቅ ዓመት የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። የተለጠፈው ዝርዝር ይነሣ። መጫወት የሚፈልግ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሜዳው ዳር ተሰብስቦ እኩያዬ ነው የሚለውን ሰው ይፈልግ፤ የተጠየቀውም ወይ ይስማማ፣ ወይ ሌላ እኩያ ያመልክት። ጥንዶቹ እስከ 4 የምትቆጠር አጭር ጨዋታ ይጫወቱ። ሁለት ጊዜ ተጫውተው ሁለቴም 4 ለ 0 ወይም 4 ለ 1 ካለቀ፣ እኩያ አይደሉምና ያለ ሐፍረት ይለያዩ፣ ሌላም ይፈልጉ። የሰዓቱ ምደባ በጥንድ ይሁን፤ ፀሐዩም ጥላውም በየሳምንቱ ይዘዋወር። በወር አንድ ቀን ብርቱዎቹ ከአዲሶቹ ጋር አንድ ሰዓት ይጫወቱ፤ ሰው ከእኩያው ጋር ይደሰታል፣ ከሚበልጠው ግን ይማራልና። በወሩ መጨረሻ ጥንዶቹ ይፍረሱና ፍለጋው እንደገና ይጀመር።

ይህን ለመጀመር የማንንም ፊርማ መጠበቅ አያስፈልገንም። የስድስት ሰዓቷ ፀሐይ ተፈቅዳልናለችና በእርሷ እንጀምራለን። ሐሳቡን የወደደ ሁሉ፣ በተለይም እኅቶቻችን፣ የፊታችን ቅዳሜ ከምሳ በፊት በመጋዘኑ ግድግዳ በኩል ይምጡ። የሳይንቱን ጓደኛችንንም ለምነን አምጥተነው እናገኛችኋለን። ጥንድ ግን ገና አላገኘም፤ እኩያው ነኝ የሚል ሰው ካለ ይቅረብ። ኳስ አለን፤ ካረጀ ብዙ ጊዜው ስለሆነ ነጥሮ አያስቸግርም። የሚጐድለን 2 ራኬት ብቻ ነው፤ የሚያውሰን ሰው ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገርልን።